የሲስተር ወንድም ነኝ ባዮች

እህቴ ነፊሳ ካረፈች ገና ወር አልሞላትም። አላህ ይዘንላት። ስለ እሷ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ቀብሯ አይደለም፤ ወደ አንድ ግድግዳ ነው። በተኛችበት ሆስፒታል ከአልጋዋ ፊት ለፊት በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «የተከበራችሁ ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ ነርሶችን አንቺ፣ ስሚ፣ ነይ እስቲ እያላችሁ አትጥሩ፤ ሲስተር በሉ» ይላል። አጠገቧ የተኙት ሴትዮ አንድ ጎረምሳ ልጅ ነበራቸው። የእናቱ ግሉኮስ ሊያልቅ ሲል ተነሳና በመተላለፊያው ወደምታልፈው ነርስ «አንቺ ልጅ፣ አይታይሽም እንዴ» አለ። ልጅቷ ገና ለጋ ናት፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመትም አይሆናት። ነፊሳ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ነው፤ ከሁለት ቃል በላይ ስትናገር ያደክማታል። ግን ጣቷን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጎረምሳውን ጠራችው።

«ሲስተር በላት» አለችው።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ሲስተር በላት። ስትጮህባት እጇ ይንቀጠቀጣል። የእናትህን ደም ሥር የምትፈልገው በዚያው እጇ ነው።»

ልጁ አፈረ። «ይቅርታ ሲስተር» አለ፣ ለነርሷ ይሁን ለነፊሳ አልለየሁም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ወደ በሩ ዞርኩ። የዴቶሉ ሽታ፣ የነጩ ግድግዳ፣ «ሲስተር» የሚለው ቃል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ እስከ ዛሬ በሩን ዞር ብዬ አያለሁ። ሽማግሌ ሆኛለሁ። የሚያባርረኝ የለም። ቢሆንም አያለሁ።

የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍም ሥራዬ አልነበረም። ወደ ኋላና ወደ ፊት ብል አንባቢ ይታገሰኝ።

ያኔ ቤታችን ልደታ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ በቆመበት። የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲመጣ ሰው ከሰው መነጋገር የማይችልበት። አባታችን ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ እሱ ሲሞት ቤቱን የያዘችው ነፊሳ ናት። ነርስ ሆና የተቀጠረችባት ክሊኒክ ከቤታችን ብዙ አትርቅም፤ ትንሽ ናት፣ አምስት ክፍል ቢኖራት ነው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ፈረሰች። በኋላ እኔም ማትሪክ ሳይመጣልኝ ሲቀር በዚያችው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን። መንገዱን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ፤ ግን የምሄድበት መንገድ የለም። ከቤት ወጥተን በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ከዚያ ሻይ ቤቱ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም ፓስቲ በአምስት፣ ባለቤቱ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ሰፈሩን ሁሉ በዘፈን ያነቃል። እኔ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሼ፣ ጸጉሬን አፍሮ አድርጌ፣ ማበጠሪያዬን ኋላ ኪሴ ሰክቼ። እሷ በስታርች የደረቀ ነጭ ልብስ፣ ደረቷ ላይ ተገልብጣ የተንጠለጠለች ሰዓት፣ ነጭ ጫማ። ጫማዋን ራሷ ነበር ቀለም የምትቀባው፤ ጭቃ እንዳይነካው እንደ ወፍ እየዘለለች ነው የምትሄደው።

አሮጌ ፊያቶች የተከመሩበት ጋራዥ ነበር። ከጋራዡ ጥግ ስንደርስ ትቆማለች። ቆቧን ታስተካክልና «በል ቅደም» ትለኛለች። ወይም እሷ ትቀድምና እኔ ጫማዬን እንደማስር ሆኜ እቆያለሁ። አብረን አንገባም። ይህን ሕግ ያወጣችው ሥራ በጀመርኩበት ቀን ነው፣ እዚያው ጥግ ላይ።

«ሸምሱ፣ እዚያ በር ስትገባ እህት የለህም።»

«እንዴት እትዬ?»

«እትዬም የለም። ሲስተር ነው የምትለኝ፣ እንደ ሰው ሁሉ። እርስዎ ትለኛለህ። ካርድ የሚያወጣው ወንድሟ ነው ከተባለ ሰልፍ የሚባል ነገር አለቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ባንተ በኩል ነው የሚመጣው። ከሰልፉ ኋላ የቆመችው ሴት ልጇን አዝላ እየሞተባት ትቆማለች።»

መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ጭንቅላቴን የምታሻሸኝ እህቴ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ስታልፍ እንደ ግድግዳ ታየኛለች። ከዚያ ለመድኩት። በምሳ ሰዓት ምሳችን ከአንድ ድስት ነው፣ እናታችን ነች የምታስረው፤ ግን ለብቻ ለብቻ እንበላ ነበር፣ እሷ መርፌ ክፍል፣ እኔ ከዘበኛው ከጋሽ ደበላ ጋር። ጋሽ ደበላ የሰፈራችን ሰው ስለሆነ ያውቃል። «ከአንድ ድስት በልታችሁ ባንድ በር አትገቡም። ሚስጥራችሁ ከመንግሥት ይበልጣል» ይለኛል። ያኔ ገና ይቀለድ ነበር።

ሕመምተኛው በበኩሉ ያሻውን ነበር የሚላት። ሽማግሌዎቹ ልጄ ይሏታል። የሰንጋ ተራ ነጋዴዎች እሜቴ። ከወሎ የመጡ ሴቶች እናቴ እያሉ ትከሻዋን ይስማሉ። ከገጠር የመጣ ሰው ዶክተር ሲላት «ዶክተሩ ሐሙስ ነው የሚመጣው፣ እኔ ሲስተር ነኝ» ትለዋለች፣ መቶ ጊዜ ቢላትም መቶ ጊዜ። ሕፃናቱ «መርፌዋ መጣች» ብለው ይደበቃሉ። ሲስተር እንዲሏት ማንንም አስገድዳ አታውቅም፤ ግን አንድ ሰው ሲስተር ሲላት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ይስተካከላል፣ ልክ ቆቧን ጋራዡ ጥግ ላይ ስታስተካክል እንደሚሆነው። አንቺ ብሎ ለሚጮኽባት አትመልስም። መርፌውን ቀቅላ፣ አየሩን አስወጥታ፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሰውየው ራሱ ያርማል። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን የሰጠ ሰው ብዙ አይኮራም።

አንድ ልማድ ግን ማንም ሊያስተወው አልቻለም። ሰው ሰልፉን አይቶ ሲጨንቀው፣ በሩ ላይ ለጋሽ ደበላ «የሲስተር ወንድም ነኝ» ይለዋል። ሴት ከሆነች አክስቷ ናት። ጋሽ ደበላ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ሰውየውም ጋሽ ደበላ እንደሚያውቅ ያውቃል። ዕውነት የታመመ የመሰለውን ያስገባዋል፣ ያልመሰለውን «እንግዲያው እህትህ ሰልፍ ያዝ ብላሃለች» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ፣ ዕውነተኛው ወንድም፣ መስኮቴ ውስጥ ሆኜ ይህን ሁሉ እሰማለሁ። ያስቀን ነበር። ያ ሳቅ ምን እንዳመጣ የገባን ኋላ ነው።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ዓመቱን እዚህ መቁጠር አልፈልግም፣ ያየ ያውቀዋል። የሻይ ቤቱ ሬዲዮን ዘፈን ትቶ የሰልፍ መዝሙር ብቻ ሆነ። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ነፊሳ እጄን ይዛ «ወደ ቀኝ አትይ» ትለኛለች። በቀኝ በኩል ምን እንደተኛ አላይም፣ ግን የሻይ ቤቱ ሰውዬ በሩን ለምን ገርበብ እንዳደረገ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ለምን እንደያዙ አውቃለሁ። ማልቀስ ክልክል ነበር። እናቴ በጨርቅ መቁረጫ መቀስ አፍሮዬን ቆረጠችው፤ ስትቸኩል ጆሮዬን አደማችው። ሸራ ጫማዬን ደበቀችብኝ፣ ሸራ ጫማ ያደረገ ለመሮጥ ተዘጋጅቷል ይባል ስለነበር። የላንድሮቨር በር ሲዘጋ ያለውን ድምፅ ከሌላ መኪና በር ለይተን እናውቅ ነበር። ዛሬ ልጆቼ መኪና በድምፁ አወቅክ ብለው ያደንቁኛል። ምን ልበላቸው።

ለክሊኒካችንም ካድሬ ተመደበልን። ጓድ ታምሩ ይባላል። ቀጭን ሰው ነው፣ ጨጓራውን ያመው ስለነበር ሁልጊዜ ሆዱን በእጁ ይዞ ነው የሚቆመው። ክፉ ፊት አልነበረውም፤ ይሄ ነው የበለጠ የሚያስፈራው። በሳምንቱ ሠራተኛውንም ተራ የሚጠብቀውንም ሕመምተኛ ሰበሰበና ንግግር አደረገ። ከዛሬ ጀምሮ እሜቴ የለም፣ ጌታዬ የለም፣ አንቱታ የፊውዳል ነው። ሲስተርም ከኢምፔሪያሊስት የመጣ ነው። ነርስም ጽዳትም ዘበኛም ሁሉም ጓድ ነው፤ ሕመምተኛውም ሠራተኛውም ጓድ ብሎ ይጥራ። ሌላ ትእዛዝም ነበረው፦ የጥይት ቁስል ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ከመታከሙ በፊት ለእሱ ይነገረው።

አንዲት አሮጊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ጓድ ሲስተር ብንልስ ልጄ፣ ሁለቱንም እናስደስት» አሉ። ማንም አልሳቀም። ነፊሳ ግድግዳውን ከተደገፈችበት ቀና ብላ ቆመች።

«ሕመምተኛ ሲጨንቀው ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አልመርጥለትም» አለች። «ሠራተኛው ግን ሲስተር ይበለኝ። ተምሬ ያገኘሁት ነው። ቃሉ ከውጭ መጣ ካልን መርፌውም ከዚያው ነው የመጣው፤ እሱን ግን አልከለከሉም።»

በአንቱታ ነው ያናገረችው። ሁሉም ሰው መሬት መሬት አየ። ታምሩ ሆዱን እንደያዘ «ስብሰባው አልቋል፣ ጓዶች» አለ።

ከሥራ ስንመለስ ጋራዡን አልፈን፣ ሰው የሌለበት ቦታ ስንደርስ፣ «እትዬ፣ ምን ቸገረሽ? ቃል አይደለም እንዴ? ጓድ በሉኝ ብትይ ምን ይጎድልሻል?» አልኳት።

«እኔ ምንም አይጎድለኝም» አለች። «ሸምሱ፣ አንተ ብትቆስል ቁስልህን ለጓድ ታሳያለህ?»

«አላሳይም።»

«አየህ። የቆሰለ ሰው ቤቱ ተኝቶ ይሞታል እንጂ አይመጣም። ሲስተር ካለኝ ግን ይመጣል። ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው እንደማጥበው ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፦ ታምሩ ሲኖር ሠራተኛው ጓድ ይላታል፣ እሷ ቀና ብላ ታይና አቤት ሳትል ሥራዋን ትሠራለች። እሱ ዞር ሲል ሲስተር ይላታል። ሕመምተኛው በሹክሹክታ ሲስተር ይላት ጀመር፣ እንደ ጸሎት። እሷ ግን ጓድ የሚለውን ቃል ለማንም፣ ለታምሩ ራሱ እንኳ፣ ተናግራ አታውቅም። አቶ ታምሩ ነበር የምትለው። እኔ መስኮቴ ውስጥ ሆኜ አቶ ስትል በሰማሁ ቁጥር ካርዴ ላይ አቀረቅራለሁ።

አንድ ጠዋት ጋቢ የተከናነበ ልጅ እያነከሰ መጣ። የእኔ እኩያ ቢሆን ነው። ታምሩ ለስብሰባ ሜክሲኮ በኩል ሄዷል፤ በሩ ላይ ጋሽ ደበላን ያለውን ሰማሁት። «የሲስተር ወንድም ነኝ።» ጋሽ ደበላ ፊቱን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ ሰልፍ ያዝ አላለውም። ነፊሳ መርፌ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ ወጣ፣ አረማመዱ ትንሽ ተሽሎት። በመስኮቴ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከእሱ በኋላ ወለሉን ራሷ ነበር የወለወለችው። ለታምሩ አልነገረችም። እኔም ምን እንደነበረ አልጠየቅኋት፤ መጠየቅ ማወቅ ነው፣ ማወቅ ደግሞ ያኔ ያስገድል ነበር።

ግን በሰልፉ ውስጥ የሰማ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ምናልባት ክፋትም አልነበረውም፤ ቤቱ ገብቶ «የሲስተሯ ወንድም ቆስሎ አየሁት» ብሎ ይሆናል። ወሬው እየሄደ ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ስለዚህ ያን ልጅ ሲፈልጉ የፈለጉት የነፊሳን ወንድም ነው። የነፊሳ ወንድም ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ላንድሮቨሩ የመጣው ክሊኒኩ ሰው በሞላበት ሰዓት ነው። የበሩን ድምፅ ሰምቼ አወቅሁ። ሦስት ናቸው፤ ፊት የሚሄደው የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል። አግዳሚዎቹ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ልጁን ወደ ጭኑ ሳበ። ባለ ጃኬቱ ጋሽ ደበላን ደረቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገፋው።

«የነርሷ ወንድም የቱ ነው?»

ጋሽ ደበላ እኔ ወዳለሁበት መስኮት አላየም። አንገቱ እንዳይዞር የታገለውን ትግል ከዚያ ሆኜ አየሁት። «የቱን ልበልህ የኔ ጌታ» አለ። «የሲስተር ወንድም ነኝ የማይል ማን አለ? እስቲ ሰልፉን ጠይቅ። ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንቱ ወንድሟ ገባ። እናቷ ይህን ሁሉ ብትወልድ ኖሮ ልደታ አይበቃትም ነበር።»

በጥፊ መታው። የጋሽ ደበላ ኮፍያ መስኮቴ ስር ወደቀ።

ባለ ጃኬቱ ድምፁን ሰምቶ ከክፍሉ ወደወጣው ታምሩ ዞረ። «ጓድ፣ አንተስ?»

«እዚህ ወንድም አላት ሲባል አልሰማሁም» አለ ታምሩ። ዕውነቱን ነው። ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን እትዬ ስላት፣ አንድም ቀን ሸምስዬ ስትለኝ አልሰማም። ስንገባም ስንወጣም አብረን አላየንም። ምሳ ስንበላም።

ሰውየው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ወጣት ወንድ ሁሉ በዓይኑ ለቀመና እኔ ላይ ቆመ። «አንተ ማነህ?»

ስሜን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እግሬን ቢፈትሹ ቁስል አያገኙም፣ ይሄን አስቤ ነበር፤ ግን ያኔ ቁስል አለመኖሩ አያድንም። ወስደው ነው የሚያቆስሉት። እናቴን አሰብኩ፣ ያን የጨርቅ መቀስ። በዚህ መሐል መርፌ ክፍሉ በር ተከፈተና ነፊሳ ወጣች፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች።

«ነፊሳ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ወንድምሽ የታል?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች። «ሥራ ላይ ወንድም የለኝም።»

«እንግዲያው አንቺ ትነግሪናለሽ። ግቢ መኪና ውስጥ።»

አልተከራከረችም። ሰዓቷን አየች፣ የልብ ምት እንደምትቆጥር። ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሷ አወጣችና ሰዎቹን አልፋ ወደ እኔ አየች፤ እንደ ግድግዳ የምታየኝን አስተያየት።

«ጓድ ሸምሱ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ታምሩ ብቻ ነው ቀና ያለው። ያ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቶት አያውቅም። እኔም አልሰማሁትም።

«ጓድ ሸምሱ፣ ና ቁልፉን ተረከበኝ። ምድጃው አልጠፋም፤ ውሃው እንዳያልቅና መርፌዎቹ እንዳይሰነጠቁ።»

ከመስኮቱ ኋላ ወጥቼ ወደ እሷ የሄድኩበት መንገድ እስከ ዛሬ አላለቀልኝም። ፊቷ ስደርስ አፌ ውስጥ የነበረው ቃል እትዬ ነበር። መጀመሪያው ፊደል ጥርሴ ላይ ደርሷል። ቁልፉን መዳፌ ላይ ጣለችው እንጂ እጇ አልነካኝም፤ ለማያውቁት ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ።

«እሺ፣ ጓድ ነፊሳ» አልኳት።

«ይሄኛውስ?» አለ ባለ ጃኬቱ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

ታምሩ ሆዱን ይዞ እኔን አየ፣ እሷን አየ። «የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው» አለ። «የውይይት ክበባችን አባል ነው። አውቀዋለሁ።» ክበቡ ውስጥ ተገድጄ ካልሆነ ገብቼ አላውቅም። ለሦስት ወር ያልተናገረችውን ቃል ያን ቀን ለምን እንደተናገረች ገብቶት ይሆን? ወይስ ትእዛዙ በመጨረሻ የተከበረለት መስሎት ደስ ብሎት ነው? አላውቅም። ብዙ አስቤበታለሁ።

ወሰዷት። መርፌ ክፍል ገብቼ ምድጃውን አጠፋሁ። ውሃው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፣ የመስታወት መርፌዎቹ ድስቱ ውስጥ እርስ በርስ ይንቀጫቀጩ ነበር። ታምሩ በሩ ላይ መጥቶ ስለቆመ ማልቀስ አልቻልኩም። «ጓድ ሸምሱ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ነገ ከሥራ እንዳትቀር። የቀረ ሰው ይጠየቃል።» ማስፈራሪያ ይሁን ምክር እሱንም አላወቅሁም። አልቀረሁም። ሰፈሩም ሲጠየቅ ወንድሟ ይህ ነው ብሎ የጠቆመ አልተገኘም።

ወደታሰረችበት ስንቅ የምታደርስላት እናታችን ነበረች። እኔ ወንድሟ ነኝ ብዬ እዚያ በር መቆም አልችልም። ምሳ ዕቃውን ይዤ ጋራዡ ጥግ ድረስ እሸኛታለሁ፤ ከዚያ እናቴ ትቀድማለች፣ እኔ ጫማዬን እንደማስር ሆኜ እቀራለሁ። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የምከፍተው የምሳ ዕቃውን ክዳን ነው። ባዶ ሆኖ ከተመለሰ አለች። ሙሉውን ከተመለሰ፣ ያን ቃል በቤታችን ማንም አልተናገረውም። ክሊኒኩ በር ላይ ሰው እየመጣ «ሲስተር የታለች?» ሲል ጋሽ ደበላ «ዕረፍት ላይ ናት» ይላል። ወንድሟ ነኝ የሚል ሰው ግን ጠፋ። ክረምቱን በሙሉ አንድ እንኳ አልመጣም።

የመለሷት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። በእግሯ መጣች፣ ቀስ እያለች፣ ነጩን ጫማ በእጇ ይዛ፤ እግሯ ጫማ አይገባለትም ነበር። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ነፊሳ በእጇ ከደነችላት። ስለዚያ ቦታ ብዙ አልነገረችንም። «እዚያም ሲስተር ነበር የሚሉኝ» አለች አንድ ቀን፣ ሌላ ነገር እየሠራች። «ጠባቂዎቹም ጭምር፣ ሲያማቸው።» ያ ጋቢ የለበሰው ልጅ ይሙት ይኑር ሳናውቅ ቀረን። ታምሩም አንድ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ፣ ወሬውን አልሰማንም። ነፊሳ እግሯ ሲድን ሥራዋ ተመለሰች። ጋራዡ ጥግ ላይ ቆቧን አስተካከለችና «በል ቅደም» አለችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ።

ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳችው። «ጓድ ማለትህ ጥሩ ነበር» አለች። «ሌላውን ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነበር።» እኔም መፍራቷን ያኔ አወቅሁ። እስከዚያ የፈራሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን ከዚያ ቀን አንድ ነገር አብሮኝ ቀርቷል። ከቤት ውጭ፣ ሰው ባለበት፣ እትዬ ልላት ስል ቃሉ አይወጣልኝም። በሠርጌም በጡረታዋ ግብዣም «ሲስተር» ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ሰው የአክብሮት መሰለው።

ዘንድሮ ሆስፒታል የገባች ሰሞን በጥየቃ ሰዓት በሩ ላይ ደረስኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ወጣቱ ጥበቃ «ማንን ነው አባባ?» አለኝ።

«ሲስተር ነፊሳን።»

«ምኗ ነዎት?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን በሙሉ ሳልመልሰው ኖሬያለሁ። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ላንድሮቨር የለም፣ ባጃጅና ሚኒባስ ብቻ። «ወንድሟ ነኝ» አልኩት፤ ከጉሮሮዬ ሲወጣ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ልጁ ሳቀ። «አባባ፣ ዛሬ ስንተኛው ወንድም ነዎት? እነዚያን ያያሉ? ሁሉም የሲስተር ወንድም ነኝ ነው የሚሉት። ሴቶቹ ደግሞ ልጇ ነን ይላሉ።»

አየኋቸው። አብዛኞቹ ሽበት የወረሳቸው ናቸው፤ የልደታ ሰዎች፣ ሰፈሩ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑ፣ እጃቸው ላይ ብርቱካንና ሙዝ። ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ወንዶቹ እግር ይሄድ ነበር፣ የሚያነክስ ይኖር እንደሆነ። መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የአባቴ ስም የአባቷ ስም ነው፣ ባሳየው ያስገባኛል። አላወጣሁትም። «ዕውነትህን ነው» አልኩትና ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄድኩ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ያቺ ለጋ ነርስ ትራሷን እያስተካከለችላት ነበር። ነፊሳ ዓይኗን ገልጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ዘገየህ። ሰልፍ ይዘህ ነው?»

«ይዤ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

ነርሷ ቀና ብላ አየችን። ክፍሉ በሰው ሞልቷል፣ በሩም ክፍት ነው። ነፊሳ አልገሰጸችኝም። እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና ያዘችኝ።